ውሃው የት ድረስ ደርሶ ነበር?

ባለፈው ዓመት ልጄ ስትወልድ ላርሳት ጀርመን፣ ቦን ከተማ ሄጄ ነበር። ጨቅላው ጠንከር ሲል አንድ ቅዳሜ በባቡር ወደ አርቫይለር ወሰደችኝ።

አርቫይለር እነሱ «ክራይስ» የሚሉት፣ እንደ እኛ ወረዳ ያለ የገጠር አስተዳደር ነው። ፕሩሲያ የራይንን አካባቢ ስትይዝ በ1816 አቋቋመችው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1932 ደግሞ ጎረቤቱ የአዴናው ወረዳ ፈርሶ ከእሱ ጋር ተቀላቀለ። የወረዳው እምብርት አር የሚባለው ወንዝ ነው። ወንዙ ብላንከንሃይም በምትባል ከተማ ከአንድ ቤት ሥር ይመነጫል፤ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ተጉዞም ዚንሲሽ ከተማ አጠገብ ራይን ይገባል። ሸለቆው ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ገደል ነው። ሰዎቹ ገደሉን እርከን እየሠሩ ወይን ይተክሉበታል።

እኔ ሳየው ልጆች የሚንቦጫረቁበት ትንሽ ጅረት ነበር። ልጄ ግን በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ከራሴ በላይ ያለ ምልክት አሳየችኝ። «እማዬ፣ ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር» አለችኝ።

ይህ የሆነው ጁላይ 14 ቀን 2021 ሌሊት ነው፤ በእኛ ሐምሌ 7 ቀን 2013። ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ ገደሉ ውሃውን ሁሉ ወደ ጠባቡ ሸለቆ አወረደው፤ ግንድና መኪና ድልድዮቹ ሥር ተወትፎ ጎርፉን አባሰው። በሸለቆው ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እኔን በነርስነቴ እንቅልፍ የነሳኝ የዚንሲሹ ነው። ላይኞቹን መንደሮች ውሃ ያጥለቀለቃቸው ገና በምሽቱ ነበር። ዚንሲሽ የደረሰው ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። በአንድ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ምድር ቤት የነበሩ 12 ሰዎች አለቁ። በመካከሉ ሰዓታት ነበሩ! የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ፤ መራመድ የማይችል በሽተኛን አንድ ፎቅ ለማውጣት ሰውም ጊዜም ይጠይቃል።

ያልታየ ነገር ነው እንዳይባል፣ በ1804 ይኸው ወንዝ 63 ሰው ወስዷል። በ1910 ደግሞ ከ50 በላይ ሰው ገድሏል፤ ብዙዎቹ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ነበሩ። የአደጋ ካርታው የተሠራው ግን ከ1940ዎቹ ወዲህ በመሣሪያ በተለካው ብቻ ነበር። ከ2021 በፊት የተለካው ከፍተኛው የ2016ቱ 3.71 ሜትር ነው። የ2021ዱ ጎርፍ መለኪያውንም ጠርጎት ሄደ። የ1804ቱና የ1910ሩ ታሪክ መጽሐፍ ላይ ነበር፤ ካርታው ላይ ግን አልነበረም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

እናንተ አያቶች፣ ወንዝ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ውሃው የት ድረስ ደርሶ እንደነበር ለልጆቹ ንገሯቸው። ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ካለ፣ ክረምት ሳይገባ ማን ተሸክሞ እንደሚያወጣውና የት እንደሚያሳርፈው ተነጋገሩ።

እኔ አገሬ እንደገባሁ ትልልቆቹን የልጅ ልጆቼን ይዤ ወደ ሰፈራችን ወንዝ ወረድኩ። በልጅነቴ ጎርፉ የደረሰበትን ዋርካ አሳየኋቸው። ከዋርካው በታች አሁን ሦስት ቤቶች ተሠርተዋል።