ታሪክ ይደገማል ለሚሉን ሁሉ

ስለ ጄምስ ጆይስ «ፊኔጋንስ ዌክ» በየክፍሉ ሁለት ነገር ሲባል እንሰማለን። አንደኛው ወገን «የሕልም ቅዠት ነውና አትድከሙበት» ይላል። ሁለተኛው «ታሪክ እንደ መንኰራኵር የሚዞር መሆኑን ያስረዳል፤ እንግዲህ ሰው ቢለፋም ባይለፋም ያው ነው» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ይልቁንም ሁለተኛውን እንፈራዋለን፤ ስንፍናን የሊቅ ካባ ያለብሳልና።

በ1939 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ መጽሐፍ ጆይስን፣ ዓይኑን እየታመመ፣ 16 ዓመት ያህል አድክሞታል። ይህ ያንቀላፋ ሰው ሥራ አይደለም። ታሪኩ እንደ አንድ ሌሊት ሕልም ይሄዳል። በሕልም አንድ ሰው አባትም ንጉሥም ተራራም እንደሚሆን ሁሉ፣ ከብዙ ቋንቋዎች ተቀላቅሎ የተሠራው ቃል ሁለትና ሦስት ትርጉም ይሸከማል። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ያደገ ተማሪ ይህን ቅዠት ብሎ ሲጥለው ማየት ያሳፍራል።

ክቡን ጆይስ ያገኘው ከናፖሊው ፈላስፋ ከጃምባቲስታ ቪኮ ነው። ቪኮ በ1725 እ.ኤ.አ. ባወጣው «አዲስ ሳይንስ» ሕዝቦች በአማልክት፣ በጀግኖችና በሰዎች ዘመን ያልፋሉ፤ ከዚያም ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ ይላል። መንኰራኵሩን የሚጠቅሱልን ሰዎች ግን የትምህርቱን መሠረት ይዘሉታል። የሕዝቦችን ዓለም የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህም ሰው መርምሮ ሊያውቀው ይችላል ያለው ይኸው ቪኮ ነው። ይህ ተስፋ የመቍረጥ ትምህርት ነውን?

«የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሳያልቅ ተቋርጦ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ይጋጠማል፤ መውጫ የለውም» ይሉናል። መጋጠሙስ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ስንደርስ ሌሊቱ ነግቷል፤ የደብሊኑ ወንዝ ሊፊ በሴት ድምፅ እየተናገረ ወደ ባሕር ይገባል። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፤ ውሃው ግን የትናንቱ ውሃ አይደለም። መጽሐፉን ዳግመኛ የሚጀምር አንባቢም የመጀመሪያ ንባቡን ይዞ ይመለሳል እንጂ ባዶ እጁን አይመለስም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ የመጽሐፉ ማጠቃለያ ቀርቶ ሁለት ገጽ እንኳ በክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበብልን፤ እንከራከርበት። ጓደኞቻችንንም እንለምናለን፤ ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ለመተኛት ምስክር አድርጋችሁ አትጥሩ። «ታሪክ ይደገማል» የሚል ሁሉ፣ የሚደግመው ማን እንደ ሆነ አብሮ ይንገረን።