የገለጉ ጥም ሁሉ የሙቀት አይደለም
ግልጽ ደብዳቤ ለምዕራብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ገለጉ ላይ «ውኃ ጠማኝ» የሚል ሰው ማንንም አያስደነግጥም። የወረዳችን የቋራ ፀሐይ ሲከር ሰሊጥ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛም፣ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ነጋዴም ይጠማል። የምጽፍልዎ ይህ የለመድነው ጥም የስኳር በሽታን ስለሚሸፍንብን ነው።

ሁለቱን ጥሞች የሚለያቸው ሽንት ነው። ሙቀት ያስጠማው ሰው ውኃው በላብ ስለሚያልቅ ሽንቱ ይቀንሳል። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ግን ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ስኳሩ ውኃ እየጎተተ ይወጣል። ሰውየው ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሳል፤ እየበላ ይከሳል። ጥሙን በለስላሳና ስኳር በበዛበት ሻይ ሲያስታግስ ደግሞ ይብስበታል።

ድካምና ማስታወክ ሲጨመርበት በእኛ ቆላ ቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው፤ መታሰቡም ልክ ነው። ሆኖም ኢንሱሊን ያጣ ልጅም ያስታውካል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ካልታከመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለወባ ምርመራ ጣቱ የተወጋ፣ እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ታካሚ ሁሉ ከዚያው ደም ስኳሩም ይለካለት። ውጤቱ በሰከንዶች ይታወቃል። የስኳር መለኪያው ያለ መመርመሪያ ወረቀቱ ስለማይሠራ፣ ወረቀቱ ከወባ መመርመሪያው ጋር አብሮ ይታዘዝ።

ቁጥሩም ለታካሚው በግልጽ ይነገረው። ለስምንት ሰዓት ሳይበላ ተለክቶ ከ70 እስከ 99 ሚሊግራም ጤነኛ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። ምልክት ያለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት 200 ከደረሰ ሕክምናው ቀጠሮ አይጠብቅም። ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ከ250 በላይ አይቶ ካስታወከ ውኃ እየጠጣ ወደ ጤና ተቋም ይፍጠን፤ «አልበላሁም» ብሎ ኢንሱሊኑን ጨርሶ እንዳያቆም አደራ።

ሙቀቱ መድኃኒቱንም ይጎዳል። በሰሜን ኬንያ ዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ ሙቀት ላይ የተመሠረተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳየው ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት ኃይሉን ይዞ ይቆያል። የእኛ በጋ ግን ከ37 ያልፋል፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት በእርጥብ አሸዋ የተከበበ ሸክላ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነርሶቻችን ያስተምሩልን።

በጎንደር እነ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ የስኳር ሕሙማን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ሊወርድ እንደሚችል ከዓመታት በፊት አሳይተዋል። ያ አሠራር ወደ ገለጉም ይድረስ። የሰሊጥ አጨዳውና የወባው መበርታት ስለሚገጣጠሙ፣ መመርመሪያ ወረቀቱ ከመስከረም በፊት እንዲደርሰን በአክብሮት እጠይቃለሁ።