ፖምፓው ከመውረዱ በፊት

አንዲት እህት ጽፋልናለች። የባለቤቷ አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ ጠዋት በደንብ ይነሳል፤ ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ ግን አልነሳ ይላል። መካኒኩ «የናፍጣ ፖምፓው ሞቷል» ስላለ የዕቁቡ ብር ሊወጣ ነው።

እህቴ፣ መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የፖምፓው ውስጥ ከተበላ ያፈተልክና ግፊቱ ይወርዳል። አልነሳ ሲል እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት። በዚያ ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ካልተነሳ ብሩ ይቆይ። ማጣሪያው ይቀየር፣ ከሥሩ የተጠራቀመው ውኃ ይፍሰስ (ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ ውኃ ጠላቱ ነው)። የእጅ መግፊያው ሲጫኑት ተነስቶ ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ በቱቦው አየር እየገባ ነው። ቁልፍ ሲከፈት ፖምፓው ላይ ያለችው የናፍጣ መዝጊያ «ጠቅ» ካላለች ደግሞ እሷ ወይም ሽቦዋ ነው፤ ለብቻዋ ትቀየራለች።

ይህ ለአሮጌው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። በኮምፒውተር በሚታዘዘው በአዲሱ ሞተር ግፊቱ ከ1000 ባር ስለሚያልፍና ቆዳ ስለሚበሳ፣ ማንም ቱቦውን በመፍቻ እንዳይነካ።

ባለቤትሽን ማጣሪያው መቼ እንደተቀየረ ጠይቂው፤ በክስ ድምፅ ግን አይሁን። ፖምፓው የግድ ይውረድ ከተባለም በመፈተሻ ማሽን ይለካ፣ ኖዝሎቹም አብረው ይታዩ።