ስለ ሞተር ቢሲክሌት መውደቅና ስለ ጭነቱ አኳኋን

በአርሲ በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ በሁሩታ ዙሪያ ወዳለው የስንዴ አገር የልማት ሠራተኛ የሚደርሰው ዛሬ በበቅሎ ሳይሆን በሞተር ቢሲክሌት ነው። ሥራን ስለ ማፋጠኑ የሚከራከር የለም። ነገር ግን በቅሎ ገደል ባየች ጊዜ ጌታዋ ባያዛት እንኳ ራሷ ትቆማለች፤ ሞተር ግን የነጂውን ስሕተት ሳይቀር ይፈጽማል።

እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁሩታ ወደ አንድ ቀበሌ ስንወጣ ከነጂው ኋላ ተፈናጥጬ ነበር፤ ከኔም ኋላ ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል። ኮረኮንቹ ላይ መሪው አልታዘዝ ሲል ይሰማን ነበር። ወዲያው አንዲት ላም መንገዱን ብታቋርጥ ነጂው ደንግጦ የፊቱን ፍሬን ጨበጠ። የሆነውን ጉልበቴ በየክረምቱ ያስታውሰኛል።

ክብደት ከኋለኛው ጎማ እምብርት አልፎ ሲጫን የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ የቀለለ ጎማም መሬቱን አጥብቆ አይዝም። ፍሬን ቀስ ተብሎ ቢያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣለታል፤ በድንገት ቢያዝ ግን መዞሩን ትቶ ይንሸራተታል። የኋላው ጎማ ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የፊቱ ግን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

የኤውሮፓ መሐንዲሶች ይህን መርምረው፥ በነሱ አቆጣጠር በ1988 ቢ ኤም ደብልዩ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከለክል ፍሬን በሞተር ቢሲክሌት ላይ አወጣ። በ2013 ደግሞ ቦሽ የሞተሩን ማዘንበል በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ እየለካ ፍሬኑን የሚመጥን መሣሪያ ሠርቶ በኬ ቲ ኤም ላይ ተገጠመ። የበቅሎዋን ማስተዋል ለብረት ሰጡት ማለት ነው። ሕንድም ከ2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ያለዚህ ዓይነት ፍሬን እንዳይሸጥ አዘዘች።

ስለዚህ ክቡራን የወረዳ አስተዳዳሪዎችና ባለ እርሻዎች፥ ለሠራተኞቻችሁ ሞተር ስትገዙ የዋጋውን ማነስ ብቻ አትመልከቱ፤ ቢያንስ የፊቱ ጎማ ይህ ፍሬን እንዲኖረው ጠይቁ። ሆኖም በልል ጠጠር ላይ ይህም ፍሬን ቢሆን መቆሚያውን ሊያረዝም ይችላል፤ የተሳሳተ ጭነትንም አያቃናም። ከረጢት የተጫነበት ሞተር ሁለተኛ ሰው አይጨምር፤ ከረጢቱም ወደ ነጂው ወገብ ተጠግቶ ይታሰር። የራስ ቁሩን ነገር መድገም አያስፈልገኝም።

ሁለት ጊዜ መመላለስ ነዳጅ ይፈጃል የሚሉኝ አሉ። በኔ አሳብ ማዳበሪያው በጋሪ ይሂድ፤ በሁሩታ ጋሪ አይጠፋም።