ሽቦውም፣ ደመናውም፣ ኪሱም በአንድ እጅ?

ደመና ሲባል የደብረ ሲና ሰው የሚያውቀው የጣርማ በርን ጉም ነው፤ ሾፌሩን በጠራራ ቀን መብራት የሚያስበራውን። አሁን ሌላ ደመና መጥቷል፤ ክላውድ ይሉታል። መታወቂያው፣ ግብሩ፣ የባንክ ሂሳቡ ከመዝገብ ወጥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ እየገባ ነው። ለመሆኑ ይኸኛው ደመና የማን ነው?

ነገሩን በሱቅ እንየው። ሱቅ ባንኮኒ አለው፣ ሂሳብ የሚሠራ ጸሐፊ አለው፣ ከጓሮ መጋዘን አለው። የኮምፒዩተር አገልግሎትም እንደዚሁ ነው። ስልካችን ባንኮኒው፣ ሥራውን የሚያካሂደው ፕሮግራም ጸሐፊው፣ የመረጃ ቋቱ መጋዘኑ። አዋቂዎቹ የሚሉት ሦስቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር አታጉሩ ነው። መጋዘኑን በራስህ ግቢ ቆልፈው፤ ባንኮኒውንና ጸሐፊውን ገበያ ሲደራ በሚሰፋ፣ ሲቀዘቅዝ በሚጠብ የኪራይ ቤት አድርግ፤ የመጋዘኑን ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ አኑር። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል።

እኛ ዘንድስ? ሽቦው የኢትዮ ቴሌኮም፣ ቴሌክላውድ የተባለው ደመና የኢትዮ ቴሌኮም፣ ከግንቦት 2013 ወዲህ ኪሳችን የሆነው ቴሌብርም የዚያው። ጌታው ደግሞ መንግሥት። ሳፋሪኮም በ2015 መጥቷል፤ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ሁለተኛ ድርጅት መኖሩ ምን ፈየደ? ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 ጦርነት የደረሰባቸው ሳያንስ ይኸ ተጨመረባቸው። የይፋት የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ ገንዘቡ በመጋዘኑ በሰላም ተቀምጦ ባንኮኒው ተዘጋበት። በአጭር ቁጥር ይላክ እንዳይባል፣ እሱም ኔትወርክ ሲኖር ነው!

አደጋው ደግሞ በሽቦ ብቻ አይመጣም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያድስ ጸሐፊው ሳተና መጋዘኑን ሳያይ ብር ያድል ጀመር። ባንኩ ራሱ እንዳመነው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። የባንኩም አገልግሎት ለሰዓታት ተቋረጠ። እድሳቱ በአንድ ጥግ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ ጉዱ በአንድ ጥግ በቀረ ነበር።

መንግሥት "መረጃ ከአገር አይውጣ" ሲል እኛም አንቃወምም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 መውጣቱ ደግ ነው። ነገር ግን አገር ውስጥ ማለት አንድ ድርጅት ማለት ነው እንዴ? አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉ የግል ኩባንያዎች የዳታ ማዕከል ሠርተዋል። ቅጂው ለምን እዚያም፣ ደሴም፣ ደብረ ብርሃንም አይቀመጥም? የወረዳ ጽሕፈት ቤት መስመር ሲቋረጥ መዝግቦ የሚያቆይ፣ ሲመለስ የሚልክ ትንሽ ቋት ደብረ ሲና ላይ መትከል ሰማይ መቧጠጥ አይደለም።

እስከዚያው መልስ የምንፈልገው ለዚህ ነው። በመንግሥት እጅ ያለው መረጃችን ሁለተኛ ቅጂው የት ነው? ቁልፉን የያዘውስ ማን ነው? መስመሩ የሚዘጋው በማን ፊርማ ነው?