የሕፃናት ማቆያ ከእርከኑ እኩል ይታቀድ

በገጠር የልማት ሥራ ሲታቀድ በአብዛኛው የሚቈጠረው የእርከኑ ርዝመት፣ የሚተከለው ችግኝና የሚጠገነው መንገድ ነው። ከሠራተኞቹ መካከል ብዙዎቹ እናቶች መሆናቸውና ልጆቻቸውን በዚያ ሰዓት የሚይዝላቸው ማን እንደ ሆነ ግን በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። እናት ድንጋይ በእጇ፣ ሕፃን በጀርባዋ ይዛ ተራራውን ስትወጣና ስትወርድ መዋሏ እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። ነገሩ ተራ አይደለም። መመሪያ የወጣለት፣ ከሕዝብ ሀብትም የሚታሰብለት ጉዳይ ነው። በብዙ ቦታ የጎደለው የቀበሌ መሪዎች ውሳኔ ነው።

ጉዳዩ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር በመተባበር ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና እነዚህን የመሳሰሉ ተቋሞች እንዲያቋቁሙ ኃላፊነት ሰጥቷቸው ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታትም በከተማ ቀበሌዎችና በአንዳንድ የገበሬ ማኅበራት በሕዝብ መዋጮ የተከፈቱ መዋዕለ ሕፃናት ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን የመዋዕለ ሕፃናት ሥራ በአብዛኛው ወደ ከተማና ወደ ግል ባለሀብቶች አዘነበለ። ዛሬ ማኅበራቱ በቀድሞ መልካቸው የሉም፤ ሆኖም ብዙው ገጠር ቀበሌውን እስከ አሁን የገበሬ ማኅበር እያለ ይጠራል፤ ሕዝቡ ከመሪዎቹ የሚጠብቀውም ከስሙ ጋር አብሮ ቆይቷል።

በከተማ ደመወዝ የምታገኝ እናት መብቷ በሕግ ተጽፎላታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን የደመወዝ ፈቃድ ይሰጣታል። ከዚያ አስቀድሞም በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ማሳ ላይ የምትውለው እናት ደግሞ አሠሪም ደመወዝም የላትም። ለእርሷ ከሕዝብ ሀብት የሚመጣው ድጋፍ የሚደርሳት በአብዛኛው በቀበሌዋ በኩል ነው። ቀበሌው ከተኛ ሌላ የምታንኳኳው በር የላትም።

ከእነዚህ ድጋፎች ዋነኛው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ምግብ የሚያጥራቸውን ቤተሰቦች መልምሎ፣ ሥራ መሥራት የሚችሉትን በማኅበረሰብ የልማት ሥራ፣ የማይችሉትን በቀጥታ ድጋፍ ሲረዳ ቆይቷል። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችን በሚመለከት መመሪያው በየምዕራፉ እየተሻሻለ መጥቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናት ከስድስተኛ ወር እርግዝና በኋላና ከወለደች በኋላ እስከ 10 ወር ድረስ ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆና ክፍያዋን እንድታገኝ ተፈቅዶ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ደግሞ ይኸው ጊዜያዊ የቀጥታ ድጋፍ እርግዝናው ከተረጋገጠበት ጊዜ አንሥቶ ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲሆን ተደረገ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚያስታምሙ እናቶችም በዚሁ እንዲታቀፉ ተደረገ። የሴቶች የሥራ ጫና ከወንዶች በግማሽ እንዲያንስ፣ በሥራው ቦታ ወይም በአቅራቢያው የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር፣ ሕፃናቱን የምትጠብቀው ተጠቃሚም ጥበቃዋ እንደ ሥራ ቀን እንዲቈጠርላት መመሪያው ያዛል።

እንግዲህ የሚጠየቀው፣ ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ እናቲቱ ስለ ምን ልጇን አዝላ ትቈፍራለች የሚለው ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ እናቲቱ መብቷን አታውቀውም፤ የነገራትም የለም። ሁለተኛ፣ እርግዝናዋን ለወንዶች ኮሚቴ ቀርባ መናገር ታፍራለች። ሦስተኛ፣ አንዳንድ የቀበሌ መሪዎች የሥራው መጠን እንዳይቀንስባቸው ይሠጋሉ፤ ወረዳው የሚጠይቃቸው ስለ እርከኑ እንጂ ስለ ሕፃኑ ስላልሆነ ነው። አራተኛ፣ ማቆያው የሥራው ወቅት ከተጀመረ በኋላ የሚታሰብ በመሆኑ ሳይሠራ ወቅቱ ያልፋል።

«እናቶቻችን ያለ ማቆያ አሳድገውናል፤ ልጅን አያቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ትጠብቀዋለች» የሚሉ አሉ። አያት ያለችበት ቤት ዕድለኛ ነው። ታላቅ እኅት ስትጠብቅ ግን የአንዱ ሕፃን ጥበቃ የሚገኘው በሌላይቱ ልጅ ትምህርት ነው። የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ወንድሟን ታዝላለች፤ ማንበብ ሳትችል ታድጋለች፤ ነገም ያለ ዕድሜዋ ለመዳር የቀረበች ትሆናለች። ጠባቂ ያጣው ሕፃንም ከእሳትና ከኵሬ አፋፍ የሚያርቀው የለም። ስለዚህ ማቆያው ለታናሹም ለታላቋም የቆመ ነው።

«ቀጥታ ድጋፍ የገባችው ሳትሠራ ትበላለች» የሚለው ማጕረምረምም በየስብሰባው ይሰማል። ልጅ መውለድና ማጥባት ሥራ ፈትነት አይደለም። እናቲቱ ከሥራ ስትነሣ የእርሷ ድርሻ በጎረቤቷ ጫንቃ ላይ እንዲጫን መመሪያው አያዝም፤ የሚጫን ከሆነ ጥፋቱ የዕቅዱ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ኮሚቴው የሥራውን መጠን ሲተምኑ ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡትን አስቀድመው ቢቀንሱ ኖሮ ማጕረምረሙ ባልተነሣም ነበር።

የሕፃኑ ጉዳይ ከእርሻው ጉዳይ ጋር የተያያዘ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ይህን መቀንጨር ለማጥፋት የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሕፃን ከተፀነሰበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ዓመት እስኪሞላው በሚበላውና በሚያገኘው እንክብካቤ የሚጎድልበትን በኋላ መሙላት እጅግ ያስቸግራል። እናት በቀን ደጋግማ ማጥባትና ገንፎ ማብላት ሲገባት ቀኑን በቍፋሮ ካሳለፈች፣ ዛሬ ለተገነባው እርከን የነገው ገበሬ ጉልበት ተከፈለ ማለት ነው።

ማቆያ ለመሥራት የወረዳውን ሲሚንቶና ቆርቆሮ መጠበቅ ግድ አይደለም። በእንጨትና በሣር የተከደነ፣ ነፋስ የማያስገባ ዳስ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ምንጣፍና ሕፃናቱን የሚጠብቁ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሴቶች ለመጀመሪያው ይበቃሉ። ግንባታው ራሱ በልማት ሥራው ዕቅድ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የጠባቂዎቹም ቀን የሚከፈልበት ቀን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ በየእናቱ ጀርባ የከበደው ልጅ በጋራ ሲያዝ ይቀላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሕፃናቱን አንድ ቦታ ካገኘቻቸው ክትባታቸውንና ክብደታቸውን ለመከታተል ይመቻታል።

ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ጥያቄ ይመጣል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ ጉዳዩን ለትምህርት፣ ለጤናና ለሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ በገጠር ትምህርት ቤቶች ግቢ «ኦ ክፍል» የሚባለው ተስፋፍቷል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የ2 ዓመት እንዲሆን ወስኗል። ከዚህ ላይ መሪዎች ሊያውቁት የሚገባው፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው ድጎማ የሚሰላው በተመዘገበው ተማሪ ቍጥር መሆኑን ነው፤ በኋላም ኦ ክፍል በዚሁ ድጎማ እንዲካተት ተደርጎ ነበር። ባልተመዘገበ ልጅ ስም ገንዘብ አይጠየቅም፤ መምህርም አይመደብም። ቤቱ የቀረው ልጅ የራሱን ብቻ ሳይሆን የቀበሌውንም ድርሻ ይዞ ነው የቀረው።

ለሁሉም መነሻው ዕድሜን ማወቅ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በይፋ ተጀምሯል። ልደቱ የተመዘገበ ሕፃን ለቀጥታ ድጋፍም፣ ለክትባትም፣ ለኦ ክፍልም ዕድሜው አያከራክርም። ያልተመዘገበው ግን በግምትና በቁመት ይለካል፤ የቀነጨረው ልጅም ቁመቱ አጥሮ ከትምህርት ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ተጎዳ ማለት ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉም የከበደው ጉዳይ የስም ዝርዝሩ ነው። ከወረዳ የሚመጣው ኮታ ለሁሉም እንደማይበቃ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ማነሱ ማዳላትን አይፈቅድም። ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበብ፤ በአደባባይ ይለጠፍ፤ ቅሬታ ያላት እናትም ስሟን ለሰረዘው ኮሚቴ ሳይሆን ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ታመልክት። በኮሚቴዎቹም ውስጥ ሴቶች ለቍጥር ማሟያ ሳይሆን ለመወሰን ይግቡ። የድጋፉን ዘመን የሚወስነው መመሪያ በየምዕራፉ ስለሚለዋወጥ፣ መሪዎች የሚሠራበትን መመሪያ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቀው በአማርኛም ሆነ በአካባቢው ቋንቋ ለሕዝቡ ማስረዳት ግዴታቸው ነው።

ስለዚህ የልማት ሥራው ወቅት ከመከፈቱ በፊት በየቀበሌው ሦስት ነገር ቢፈጸም ይበጃል። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እርዳታ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ይቈጠሩ፤ የማቆያው ቦታና ጠባቂዎቹ በዕቅዱ ላይ ይጻፉ፤ በዓመቱ ኦ ክፍል የሚገቡት ልጆች ስም ለርእሰ መምህሩ ይሰጥ። እርከን ከተናደ በሚመጣው በጋ ይጠገናል። የሕፃን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ግን አንድ ጊዜ ካለፈ በሚመጣው በጋ አይመለስም።