«ቦንድ» ማንን ከማን ጋር ያስራል?

የነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ የሚሠራ ሰው በየዕለቱ በእጁ ከሚያልፉት ቃላት መካከል እንደ «ቦንድ» ያለ አሳሳች ቃል አላገኘሁም። ቃሉ የእንግሊዝኛ ሲሆን በአገራችን ከባንክ መስኮት እስከ ጨረታ ማስታወቂያ፣ ከጉምሩክ መጋዘን እስከ ዋስ ወረቀት ድረስ ገብቶ ተደላድሎ ተቀምጧል። ትርጉሙን የሚጠየቀው ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ ይላል፤ ችግሩ ግን አንዱ የሚያውቀው ቦንድ ሌላው ከሚያውቀው የተለየ መሆኑ ነው።

እኔው ራሴ ካደረስሁት ጥፋት ልጀምር። አሠሪዬ በዚሁ በጎንደር ከተማ በቅዳሜ ገበያ አካባቢ የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚነግዱ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ቆርቆሮና ሲሚንቶ ለመግዛት ጨረታ አወጣ። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ስለ ነበር ፍሬ ነገሩን በአማርኛ አሳጥሬ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። እኔም መቅረብ የሚገባቸውን ወረቀቶች በዝርዝር ሳሰፍር፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ካልሁ በኋላ በአራተኛው ተራ ላይ «ቦንድ» ብዬ ብቻ ጻፍሁና በማግሥቱ ለለቅሶ ወደ ደባርቅ ሄድሁ። አሠሪዬም ፖስታውን ራሳቸው አሽገው አስገቡ።

ጨረታው በይፋ ሲከፈት ከፖስታው ውስጥ የወጣው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለ ሰሞን፣ በ2003 ዓ. ም.፣ የገዙት የቦንድ ሰርተፊኬት ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ያቀረቡት ዋጋ ከሁሉ ያነሰ ሆኖ ሳለ የጨረታ ማስከበሪያ አላስያዙም ተብለው ከውድድሩ ወጡ። ከደባርቅ ስመለስ አልተቈጡኝም፤ «ቦንድ አምጡ ብለሃል፤ እኔም ቦንድ ወሰድሁ። ታዲያ ከመንግሥት ቦንድ የሚበልጥ ምን ቦንድ አለ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ቈይቼ ነው። ግድቡ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመርቋል፤ ለሥራው ሕዝቡ በገዛው ቦንድ ላይ ባለዕዳው መንግሥት፣ ባለገንዘቡ አሠሪዬ ናቸው። የታሰረው መንግሥት ነው፤ ገንዘቡን በቀኑ ከነወለዱ ሊመልስ ተፈራርሟል። የጨረታው ቦንድ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። በዚያ የሚታሰሩት አሠሪዬ ናቸው፤ ጨረታውን አሸንፈው ውሉን አልፈርምም ቢሉ ያስያዙት ገንዘብ ይወረሳል። ባንኩም በመካከል ቆሞ ስለ እርሳቸው ይከፍላል፤ የከፈለውንም ዞሮ ከራሳቸው ይቀበላል። እንግዲህ አንድ ቃል አንድን ነጋዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ አበዳሪም ተበዳሪም ያደርገዋል ማለት ነው። አዳራሹ በሽማግሌው ላይ ሳቀ እንጂ መሳቂያው ቃሉ ነበር፤ ጻፊው እኔም አብሬ።

በእንግሊዝኛው የቃሉ ሥር ማሰር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ብዙ ቦታ ደርሷል። ግንበኛ ድንጋዩን ወይም ጡቡን እርስ በርሱ እያነባበረ የሚያያይዝበት አደራደር በእንግሊዝኛ ቦንድ ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ዓ. ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ግንብ በኖራ ተያይዞ እስከ ዛሬ በከተማችን መካከል ቆሟል። ቀረጡ ሳይከፈል በጉምሩክ ቍጥጥር ሥር የሚቀመጥ ዕቃም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ በዚህ የታሰረው ሰው ሳይሆን ዕቃው ነው፤ ቀረጡ ተከፍሎ እስኪለቀቅ ድረስ ከመጋዘኑ አይነቃነቅም። በመተማ በኩል የሚነግዱ ወዳጆቻችን ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አገራችን በ2007 ዓ. ም. ከውጭ ገበያ በ6.625 በመቶ ወለድ የተበደረችበት የአንድ ቢልዮን ዶላር ሰነድም ቦንድ ነው። ስሙ ዩሮቦንድ ስለ ተባለ ብድሩ በአውሮፓ ገንዘብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን በዶላር ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ. ም. መከፈል የነበረበት 33 ሚልዮን ዶላር ያህል ወለድ ሳይከፈል መቅረቱም ይታወሳል። ማሰሪያው የሚታወቀው እንዲህ ሲከብድ ነው።

የእኛው ቋንቋ በዚህ ጕዳይ ድሀ ቢሆን ኖሮ የባዕዱን ቃል ይዘን ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን አማርኛ እያንዳንዱን እስራት ለይቶ ሰይሞታል። ውል የሚለውን ቃል እንመልከት፤ ልቃቂት የምትፈታ ሴት መጀመሪያ የምትፈልገው የፈትሉን ጫፍ፣ ማለት ውሉን ነው፤ ውሉ የጠፋ ልቃቂት አይፈታም። ሁለት ነጋዴዎች የሚፈራረሙበትም ወረቀት ውል ይባላል። ዋስ የሚለው በግእዝ ዋሕስ ከሚባለው የመጣ ነው። የገንዘብ ያዥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት የሚጠየቀው ደግሞ ተያዥ ነው፤ ቃሉ ራሱ ፈራሚውን «የምትያዘው አንተ ነህ» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለገንዘብና ባለዕዳ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቈራኝተው ዳኛ ዘንድ የሚቀርቡበት ቍራኛ የሚሉት ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ ቢቀርም ቃሉ አልቀረም፤ ዛሬም የታመመውን የአልጋ ቍራኛ እንለዋለን። በዚያ ዘመን ማን ከማን ጋር እንደ ታሰረ ለማወቅ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ዛሬ ማሰሪያው ወረቀት ስለ ሆነ ማንበብ ያስፈልጋል።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ በገዛ ቃላቸው ሲጐዱ ኖረዋል። ሼክስፒር በጻፈውና በ1600 ዓ. ም. (እ. አ. አ.) በታተመው «የቬኒሱ ነጋዴ» በተባለው ተውኔት ነጋዴው አንቶንዮ ለወዳጁ ሲል 3000 ዱካት ተበድሮ ቦንድ ይፈርማል፤ በሦስት ወር ካልከፈለ ከሥጋው አንድ ፓውንድ ሊቈረጥለት። እየሳቀ ፈረመ፤ መርከቦቹ ጠፉ የሚል ወሬ ሲመጣ ግን ነገሩ ከችሎት ደረሰ። ያዳነውም ወረቀቱን ቃል በቃል ያነበበች አንዲት ሴት ናት። እኔ በጸሐፊነት ሙያዬ ይህን ተውኔት የምወደው ስለዚህ ነው፤ ስለ ፍቅሩ የተጻፈውን ክፍል ሌሎች ያመስግኑት።

አሠሪዬም ባለፈው ዓመት ከአንቶንዮ ዕጣ ደርሰው ነበር። አንድ የቀድሞ ወዳጃቸው ለጭነት መኪና መግዣ ሲበደር «ጋሼ፣ ፐርሰናል ቦንድ ብቻ ነው፤ አንዲት ፊርማ ናት» ብሎ ወረቀት አመጣ። እርሳቸውም ብዕሩን ከያዙ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ይኸኛውስ የትኛው ነው? ደግሞ ሌላ እንዳይሆን» አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብሁ። አርእስቱ ቦንድ ይበል እንጂ ውስጡ የዋስትና ውል ነው። ዋሱ ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ መሆኑ ተጽፏል፤ የገንዘቡ ልክ የሚሞላበት መሥመር ግን ባዶ ነው።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ነገር ግልጽ ነው። በቍጥር 1922 ዋስትና በግምት እንደማይያዝ፣ በግልጽ መነገር እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም በውሉ ካልተወሰነ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። በቍጥር 1725 ደግሞ የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። በቍጥር 1933 መሠረት ከባለዕዳው ጋር አብሮ ባለዕዳ ሆኖ የፈረመ ዋስ፣ ባለገንዘቡ ዋናውን ተበዳሪ አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። ስለዚህ «አንዲት ፊርማ» የተባለችው መኪናውን ሳይነዱ የመኪናውን ዕዳ መውረስ ነበረች። ይህን ሁሉ በአማርኛ አስረዳኋቸው። ወዳጃቸውን ለማሳፈር አልፈለጉም፤ የገንዘቡ ልክ በቍጥርና በፊደል እንዲገባ፣ በአንድነትና በነጠላ የሚለው ተሠርዞ ተራ ዋስ እንዲባል አስደርገው በሁለት ምስክር ፊት ፈረሙ። ወዳጅየው ትንሽ ቢያኰርፍም ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ቃሉ ዓለም የሚጠቀምበት ስለሆነ ብንለምደው ይሻላል ይላሉ። በከፊል እስማማለሁ። መንግሥት ከሕዝብ የሚበደርበትን ሰነድ ሕዝቡ ቦንድ ብሎ ለምዶታልና ስሙ ለእርሱ ይቅር። ለሌላው ሁሉ ግን የጨረታ ማስከበሪያ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና፣ የቅድመ ክፍያ ዋስትና፣ የጉምሩክ መጋዘን፣ ዋስ፣ ተያዥ የሚሉ ስሞች እያሉን ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተት ምን ይሉታል? የአማርኛ የጨረታ ማስታወቂያዎችም «በባንክ የተመሰከረለት ቼክ ወይም በቅድመ ሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና» ሲሉ ነገሩን ሙሉ አድርገው ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ ቃላት ቀላል አይደሉም፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ዋስትና በጥያቄ ብቻ ይከፈላል፤ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠው ግን ጥፋቱ ሳይረጋገጥ አይከፈልም። ቦንድ ብሎ ያሳጠረ ጸሐፊ ይህንንም ልዩነት አብሮ ያጠፋዋል።

የንግድ ምክር ቤታችን ለአባሎቹ አንድ ገጽ የምትሆን የቃላት ዝርዝር አሳትሞ በየሱቁ ቢያድል ብዙ ወጪ የሚያስከትል አይመስለኝም። በእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት የታሳሪው ማንነት፣ ለማን እንደሚታሰር፣ እስከ ስንት ብርና እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። እኔ ከዚያ ጨረታ ወዲህ በጠረጴዛዬ መስታወት ሥር እንዲህ ያለች ወረቀት አስቀምጫለሁ፤ አሠሪዬም ከመፈረማቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ጐንበስ ብለው ያነቧታል።